አንድ ኖታ ለሁለት ሰው

የወቅቱ መክፈቻ ኮንሰርት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ አዲሱ የመቀመጫ ዝርዝር በልምምድ አዳራሹ በር ላይ ተለጠፈ። መሪያችን ጄጋል ወደ ከተማችን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ከመጣ ገና ሦስተኛ ወሩ ነበር፤ ሰውን ሁሉ ከቦታው እንደሚያነሳ ቀድመን ሰምተናል። እኔ ከቫዮሊን ትንሽ የምትተልቀውን ቪዮላ ነው የምጫወተው። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ስለቀረኝ ማንም አይነካኝም፣ ዝርዝሩን ያየሁት ለወጉ ያህል ነው። ከጎኔ የቆመችው ታክ ሚራን ግን ስሟን አግኝታ ጣቷን እዚያው ላይ አድርጋ ቀረች።

«እትዬ ቦንሱን፣ መነጽርሽን አድርጊና ይህቺን አንብቢልኝ እስቲ» አለችኝ።

«ሁለተኛ ቫዮሊን፣ አራተኛ ረድፍ። ማ ጉንሺክ፣ ታክ ሚራን።»

«እኔም እንደዚያ ነው ያነበብኩት።»

ጉንሺክ የቀድሞ ባሏ ነው። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ሁለቱም በአንድ ዓመት ኦርኬስትራው ውስጥ ገቡ፤ ከዚያ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ተጫወቱ፤ ሶዩል የምትባል ሴት ልጅ አሳደጉ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ያለ አንዳች ጩኸት ተፋቱ። ፍርድ ቤት የቆሙበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ልምምድ ነበረን፣ ሁለቱም ሰዓታቸውን አክብረው መጡ። ከዚያ ሚራን ለምና ወደ አንደኛ ቫዮሊኖች መጨረሻ ረድፍ ተዛወረች። የእኛ ከተማ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት፣ ሌላ ኦርኬስትራ የላትም። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እየተያዩ፣ አንዱ ሌላውን እንዳላየ እያለፈ ኖሩ።

ሚራን ቀጥ ብላ ወደ ሄጂን ሄደች። ሄጂን የሁለተኛ ቫዮሊኖች አለቃ ናት፤ በዕድሜ ከሁላችንም ታንሳለች፣ ስለዚህ ትእዛዝ ስትሰጥ እንኳ ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስላለች።

«ይሄ ስህተት ነው አይደል?»

«ስህተት አይደለም፣ እትዬ። መሪው ራሳቸው ናቸው ያወጡት።»

«እኛ ማን እንደሆንን ስለማያውቁ ነዋ።»

«ያውቃሉ። እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ጥያቄ ቀርቦልኝ ነው አሉ።»

«የማን ጥያቄ?»

ሄጂን ቫዮሊኗን ማበስ ጀመረች። «እሱን ከነገርኩዎት ነገ የእኔም ወንበር ይቀየራል።»

ያን ቀን ምሳ ከአዳራሹ ጀርባ ካለችው ቤት የባቄላ ቡቃያ ሾርባ ቀረበልን። ሚራን ውሃ ልቅዳ ብላ ሦስት ጊዜ ተነሳች፣ ውሃውን ግን አልጠጣችም። ሰው ሲቁነጠነጥ ማየት ልማዴ ነው፤ ከኮንሰርት በፊት ሁላችንም አንድ አንድ ነገር ይይዘናል። ይሄኛው ግን ሌላ ነበር። በዚያ ላይ ታኅሣሥ ላይ ግምገማ አለ። በየሁለት ዓመቱ እያንዳንዳችን ከመጋረጃ ጀርባ ቆመን እንጫወታለን፤ ነጥቡ የወረደ ሰው ዕቃውን ይሰበስባል። ሚራን ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፋ የምትጫወትበት ቀን እየቀረበ፣ ጎኗ ላይ ደግሞ ይህን ሰው አመጡባት።

በኦርኬስትራ ውስጥ የአውታር ተጫዋቾች ሁለት ሁለት እየሆንን አንድ ኖታ ነው የምናየው። በተመልካች በኩል የተቀመጠው ሳያቋርጥ ይጫወታል፤ በውስጥ በኩል ያለው ደግሞ ገጹ ሲያልቅ ደጋኑን አንስቶ ይገልጣል። ጉንሺክ በዝርዝሩ ስሙ ቀድሞ ስለተጻፈ ውጩን ያዘ፣ ሚራን በግራው ሆነች። ወንበሯን የተቻላትን ያህል አራቀችው። ኖታው ስላልታያት መልሳ አስጠጋችው።

«ደህና አደርሽ፣ የሶዩል እናት።»

«ደህና።»

እኔ ከፊት ለፊታቸው ነኝ፣ ሁለቱንም አያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ከሰላምታ ሌላ ምንም አልተነጋገሩም። በአራተኛው ቀን መሪው ወደ ቼሎዎቹ ዞሮ፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ ከየት እንደምንጀምር ነገረን። ሁላችንም ገጽ ስናገላብጥ ጉንሺክ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ የሚራንን ጣቶች ያይ ነበር። እሷ ስትገልጥ፣ አየ። እሷ ቫዮሊኗን ስታነሳ፣ አነሳ። እኔ ይሄን ሺህ ጊዜ አይቼው ምንም አልመሰለኝም። ሚራን ግን አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆየች።

ቆይታ በግራ ጆሮው በኩል፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ማለት ይቻላል፣ «የሶዩል አባት፣ ኮሌታህ ተገልብጧል» አለችው።

ኮሌታውን አልነካም።

«ካንተ ጋር ከመቀመጥ ዓሣ ገበያ ውስጥ በረዶ ላይ መቀመጥ ይሻለኝ ነበር።»

ከኋላቸው የነበሩት ልጆች አፋቸውን ያዙ። ጉንሺክ ረጋ ብሎ ደጋኑን ያጠብቅ ነበር።

በእረፍት ሰዓት ሚራን ወደ ዕቃ ማውረጃው ተከትላው ወጣች። ጉንሺክ ሁልጊዜ እዚያ ቆሞ፣ ወደቡን እያየ፣ የገብስ ሻይ ይጠጣል። የተባባሉትን በማግስቱ ለእኔ አንድ በአንድ ነግራኛለች፣ አልረሳሁትም።

በቀኙ በኩል ዞራ ቆመችና «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«ጆሮህ።»

ኩባያውን አጥሩ ላይ አስቀመጠ። «ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስነሳ ግራው ጠፍቷል። ሐኪሙ፣ ነርቩ ነው፣ አይመለስም አለኝ።»

«ሦስት ዓመት? ታዲያ አንድ ዓመቱን እኮ እኔ እዚያው ቤት ውስጥ ነበርኩ።»

«ነበርሽ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ከሐኪም ሐኪም ይዘሽኝ ትዞሪ ነበር። ከዚያ አለቃዋ ትሰማለች፣ ከዚያ ቢሮው ይሰማል። ቫዮሊን ተጫዋች ግራ ጆሮው አይሰማም ከተባለ ማን ያስቀምጠዋል?»

«መሪውን የጠየቅካቸው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ። አብሮኝ ይቀመጥ የነበረው ልጅ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘ። አዲስ ሰው አጠገቤ ቢቀመጥ በሳምንቱ ይነቃብኛል። አንቺን ግን አውቅሻለሁ። ልትገቢ ሁለት ምት ሲቀርሽ ክርንሽ ከፍ ትላለች።»

«ክርኔ ከፍ አትልም።»

«ትላለች። ዐሥራ አንድ ዓመት አይቻታለሁ።»

ይሄኔ ሚራን ሌላ ነገር ትዝ አላት። የተለያዩበት ቀን ነው። ወጥ ቤት ውስጥ እሱ ሳህን ያጥባል፣ እሷ በግራው ቆማ ለረጅም ሰዓት ስታወራ ቆየች፤ በመጨረሻም ከዚህ ቤት መውጣቴ ነው አለችው። ቧንቧውን እንኳ አልዘጋም። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም ቢላት አልሰማችም፤ ሻንጣዋን አወጣች።

«ያን ቀን አልሰማኸኝም ነበር ማለት ነው?» አለችው።

ሚራን እንደምትለው፣ አልሰማሁሽም ብሎ መገላገል ይችል ነበር፣ ማንም አይጠይቀውም።

«ግማሹን ሰምቻለሁ» አለ። «መውጣቴ ነው ያልሽውን ሰምቼዋለሁ። የምመልሰው ጠፍቶኝ ነው ዝም ያልኩት። ሁሉንም በጆሮዬ አታመካኚ።»

ይህን የነገረችኝ ወደቡ ዳር እየተራመድን ነው። እንቀመጥ ስላት እምቢ አለች፤ የዓሣ መረብ የሚጠግኑትን ሰዎች አልፈን ሄድን፣ ዞረን እንደገና አለፍናቸው። «አልሰማሁም ቢለኝ ኖሮ አልቅሼ ይቅር እለው ነበር» አለችኝ። «ሰምቼ ዝም አልኩ ቢለኝም እንደ ድሮዬ እጠላው ነበር። አሁን ግማሽ በግማሽ ሰጥቶኝ ምን ላድርገው?»

«ግማሹን ይቅር በይውና በግማሹ ስደቢው።»

«እትዬ፣ ቀልድ አይደለም።»

«አውቃለሁ። ለሄጂን ትነግሪያታለሽ?»

«አላውቅም» አለች፤ እርምጃዋን አፈጠነች፣ እኔም ጉልበቴ እያመመኝ ተከተልኳት።

አልነገረችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁለት ሰው መቁጠር ጀመረች። ዝም የምንልበት ቦታ ሲመጣ ጣቷን ጭኗ ላይ እየመታች ታሳየዋለች፤ ገጽ ስትገልጥ ቀድማ በዓይኗ ታመለክተዋለች፤ መሪው የተናገረውን በእርሳስ ኖታው ላይ ትጽፍለታለች። የእሷ የራሷ የቫዮሊን ድምፅ ግን እየከሳ መጣ። ሄጂን ሁለት ጊዜ ዞራ አየቻት። ቤቷም ሄዳ አላረፈችም፤ የታጠበ ሳህን መልሳ እንደምታጥብ፣ ሊፍት መጠበቅ አቅቷት ዘጠኝ ፎቅ በእግሯ እንደምትወጣ ነግራኛለች።

ኮንሰርቶቹ ሦስት ነበሩ፤ ሐሙስና ዓርብ በአዳራሻችን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል በምታስነዳ የዓሣ አጥማጆች ከተማ፣ በትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ። ሐሙስ ሁሉም መልካም ሆነ። ጉንሺክ አንድ ምት አልሳተም፤ ሲወጡ «አመሰግናለሁ» አላት፣ እሷም «ነገም አለ» ብላው ሄደች።

ዓርብ የከተማው ምክር ቤት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። በረጅሙ ሲምፎኒ ሦስተኛ ክፍል ላይ ሁለተኛ ቫዮሊኖች ስልሳ አራት ምት ዝም ይላሉ። ክላሪኔቱ ብቻውን ይጫወታል፣ ከዚያ እሱም ያበቃል፤ አዳራሹ ጸጥ ሲል፣ መሪው እጁን አየር ላይ አቁሞ ሲያቆየን፣ ከዚያ በኋላ ነው ሁለተኛዎቹ በጣም በቀስታ የሚገቡት። ጸጥታው አራት ምት ነው። ሚራን የጣቷን ቁጥር ለእሱ እያሳየች፣ ጎኑን እያየች ነበር። በኋላ ስትነግረኝ፣ በዚያች ቅጽበት የምታስበው ስለ ሙዚቃው አልነበረም፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ግማሹን ሰማሁ ያላት የትኛው ግማሽ እንደሆነ እያሰበች ነበር። ስልሳ ይሁን ስልሳ አራት ጠፋባት። ቫዮሊኗን አነሳች፣ ገባች። ጉንሺክም አብሯት ገባ።

ሁለት ቫዮሊን ብቻ፣ ጸጥ ባለ አዳራሽ ላይ። አጭር ነበር፣ ግን እንደሚሰበር ዕቃ ነው የተሰማው። የጄጋል እጅ አልተንቀሳቀሰም። ጸጥታውን ጨረሰና ለሌሎቹ ምልክት ሰጠ፤ ሲምፎኒው ቀጠለ፣ አለቀ፣ ተጨበጨበ። ከተመልካቹ ግማሹ ምናልባት አላወቀም። መድረኩ ላይ ግን የማያውቅ አልነበረም።

ከመድረኩ ጀርባ ባለው መተላለፊያ ጄጋል ቆሞ ጠበቀን። ድምፁን ሳያሰማ የሚቆጣ ሰው ነው።

«ሦስተኛው ክፍል ላይ የገባው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጉንሺክ ወዲያው። «ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ሦስት ዓመቴ ነው፣ ደብቄያችሁ ነው። ቀድሜ ገባሁ፣ እሷንም ጎትቼ አስገባኋት።»

ከበሮ ተሸክመው የሚያልፉት እንኳ ቆሙ። እኔ ሚራንን ነበር የማየው። አፏ ተከፈተ፣ ከዚያ መልሶ ተዘጋ። የቫዮሊኗን ሳጥን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቀረች።

ጄጋል ሁለቱንም አያቸው። «በዚህ ጉዳይ ላይ ነገ እናወራለን» ብሎ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ተነሳች፣ ቦርሳዋን ከላይ አወረደች፣ መልሳ ሰቀለችው፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች። ሾፌሩ በድምፅ ማጉያው «ከኋላ የቆሙት እመቤት፣ እባክዎ ቀበቶዎን ይሰሩ» አለ። ሰው ሳቀ። ጉንሺክ ከሦስት ረድፍ ፊት መስኮቱን ተደግፎ ተኝቶ ነበር፣ ወይም የተኛ መስሎ ነበር።

«እትዬ፣ ትናንት እኮ ዝም አልኩ» አለችኝ።

«አይቼሻለሁ።»

«ግምገማው ነው የታየኝ። ወዲያው፣ ከሁሉ በፊት፣ እሱ ነው የታየኝ። ሰው በእኔ ፈንታ ሲዋረድ እኔ ታኅሣሥን እቆጥር ነበር።»

መልሴን ሳትጠብቅ ሾፌሩ እየለፈለፈባት የወንበሮቹን ጀርባ እየያዘች ወደ ፊት ሄደች። እኔም፣ አልዋሽም፣ ለመስማት ብዬ ወደ ፊት ተጠጋሁ።

ጄጋል በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዙን፣ ኪምባፑን፣ ይበላ ነበር።

«መሪ፣ ትናንት ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። እሱ እኔን ተከትሎ ነው የገባው።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ያውቃሉ?»

«ዓይንም አለኝ እኮ። መጀመሪያ ከፍ ያለችው የእርስዎ ክርን ናት።»

«ታዲያ ትናንት ለምን ዝም አሉ?»

«የሚናገር ሰው ካለ ብዬ ነው።» አፉን በወረቀት ጠረገ። «አሁን ይንገሩኝ። የሚሰማው የትኛው ጆሮው ነው?»

«ቀኙ።»

«እርስዎ የተቀመጡት ግን በግራው ነው።»

«አዎ።»

«እና ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህን ያሰበ ሰው የለም? አንዳችሁም?»

ሚራን ከስህተቱ ይልቅ በዚህ ነው ያፈርኩት ትላለች። ሁለቱም ነገሩን ለመሸፈን ሲጣደፉ፣ ለመስማት የሚሆነውን አላሰቡም ነበር።

በስፖርት አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተቀያየሩ። ሚራን ውጩን ያዘች፣ ጉንሺክ ውስጡን፣ ቀኝ ጆሮው ወደ እሷ ሆነ። አሁን ገጽ የሚገልጠው እሱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ገልጦ የማያውቅ ሰው፤ ሁለት ጊዜ ዘገየ፣ አንድ ጊዜ ሁለት ገጽ በአንድ ላይ ገለጠ፣ እሷም በደጋኗ ጫፍ መለሰችለት። ትልቁ ማራገቢያ ወረቀታችንን ስለሚያነሳብን የልብስ መቆንጠጫ ሰጥተውን ነበር። ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ የተቀመጡ አሮጊቶች ስኩዊድ የሚባል የደረቀ የባሕር ሥጋ እየተካፈሉ ያዳምጣሉ። ስልሳ አራቱ ምት መጣ። ሚራን ጣቷን አልመታችም። ዝም ብላ ቆጠረች፣ በሰዓቷ ገባች፣ ሁሉም አብረዋት ገቡ።

ክፍሉ ሲያልቅ ጉንሺክ ወደ እሷ ዘንበል ብሎ «የቫዮሊንሽ ላይኛዋ ክር ትንሽ ከፍ ብላለች» አላት።

«ከፍ አላለችም።»

«ብላለች። አሁን እሰማለሁ።»

ተናደደች፤ ግን ስትሞክረው እውነቱን ነበር፤ ዝቅ አደረገችው።

እሁድ ሚራን ሴኡል ከተማ ለምትማረው ልጇ ደውላ ሁሉንም ነገረቻት። ሶዩል አዳመጠችና «አውቃለሁ እኮ እማዬ» አለቻት። «አባዬ አምና ነግሮኛል።»

«አምና? ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እናትሽ ከሰማች ታዝንልኛለች፣ አዝናልኝ እንድትመለስ አልፈልግም አለኝ።»

ይሄንን ስትነግረኝ ተቆጥታ ነበር። የተቆጣችው በየትኛው እንደሆነ ስጠይቃት እሷም አላወቀችውም።

ጄጋል ጉንሺክን አላስወጣውም። ወንበሩ እስከ ግምገማው ድረስ የእሱ ነው፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሁሉም እኩል ነው አለ። ሄጂን ለብቻው ልታለማምደው ፈቃደኛ ሆነች፤ ሁለት ወር ሚራንን በቀኙ አድርጎ ተጫወተ፣ ደህና ነበር፣ አንዳንዴም ጥሩ። በግምገማው ቀን ሚራን ተራዋን ጠብቃ ገባች፣ ተጫወተች፣ አለፈች። የጉንሺክ ስም ሲጠራ ግን ሰው አልገባም። የመልቀቂያ ደብዳቤ ያለበት ፖስታ ነበር የተወው፣ በሄጂን ወንበር ላይ።

ሚራን ስልክ ደወለችለት። «ፈራህ እንዴ?»

«ደከመኝ፣ የሶዩል እናት። ሦስት ዓመት የሰማሁ መስዬ መቀመጥ ከመጫወቱ ይበልጥ አደከመኝ። አሁን ሁሉም ካወቀ ወዲያ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

«ቀጥሎስ ምን ልታደርግ ነው?»

«ለጊዜው ልተኛ ነው።»

በጥር ኮንሰርታችን ላይ ትኬት ገዝቶ መጣ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከፊት ሆኖ ሰምቶን አያውቅም። ከእኔ ቦታ ሆኜ አየሁት፤ ግራ ጥግ ላይ፣ ጥቁር ካፖርቱን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ተቀምጧል። ሚራን አዲስ ጓደኛ ተመድባላታለች፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ፤ ገጽ ስትገልጥ ትቸኩላለች።

ሲያልቅ አብረን ወጣን። ጉንሺክ በር ላይ ይጠብቀናል።

«እና?» አለችው ሚራን በቀኙ ቆማ። «እንዴት ነበርን?»

«የቼሎዎቹ ድምፅ ይበዛል። ክላሪኔቱ ጥሩ ነው።»

«እኔስ?»

«ልለይሽ ሞከርኩ። አልለየሁሽም።»

«ሁለተኛ ቫዮሊን የሚለይ ከሆነ እኮ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው» አለች፤ ጓንቷን አደረገች። ከዚያ ሁለቱ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። የሚሳፈሩበት አውቶቡስ ቁጥር የተለያየ ነው፤ የእሱ ቀድሞ መጣ።